ነጠላ ሰረዙን የሚይዝ ሰው ፈልጊ

እስቲ ላፕቶፑን ወደ እኔ ዞር አድርጊው። ምንድን ነው ይሄ? ሃያ ሁለት ማያያዣ በአራት ዓምድ? የጊዜ፣ የምክንያት፣ የተቃርኖ፣ የሁኔታ... ቀለም ሁሉ ቀብተሽዋል፤ አይ ልፋት! ቆንጆ ነው እኮ። ማክሰኞ ማታ ግን ክፍል ይዘሽው እንዳትገቢ።

ፊትሽን አትቋጥሪብኝ። እኔም እንዲሁ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያዋን ማታ ከቤቲ አዛር ሰማያዊ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ የማያያዣዎቹን ዝርዝር እንዳለ ቦርዱ ላይ ገለበጥኩት። ጽፌ ጨርሼ ዞር ስል ግማሹ ሰው አንገቱን ደፍቶ እየቀዳ ነው፤ ግማሹ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጨርሷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ «ቢኮዝ» ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። መጽሐፉ ላይ ጥፋት የለም፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ስንቱን አስተማሪ ቀና ያደረገ መጽሐፍ ነው፣ አንቺም ለራስሽ አንብቢው። በአንድ ማታ ይህን ሁሉ ቃል የደከመው ሰው ላይ የዘረገፍኩት እኔ ነኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቢ። አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ጨርሶ የመጣ፣ አሁን ፓርኪንግ የሚሠራ ነው። አንዷ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ዓረብ አገር አሥር ዓመት ሠርታ፣ በመጨረሻ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባች ናት። እሱ ዘጠነኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሽው ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ ብሎ በቃሉ ይወጣልሻል። አለቃው ለምን አረፈድክ ሲለው ግን «ትራፊክ» ይልና ያቆማል። እሷ ስሙንም ሰምታው አታውቅም። ልጇን ስትቆጣ ግን ስሚያት፦ «ቶሎ ካልገባህ አባትህ ሲመጣ እነግርብሃለሁ ብዬህ አልነበረም?» አምስት ግሥ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተንጠላጥሎ። ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?

ነገርን ከነገር ማያያዝ የማይችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም ይችላል፣ ያውም ካንቺና ከእኔ በላይ። የቸገራቸው እንግሊዝኛ ማያያዣውን የት እንደሚያስቀምጠው ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ በአማርኛ ይሁን። አዎ፣ በአማርኛ። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር የሚል አስተባባሪ ይገጥምሽ ይሆናል፤ እኔንም ገጥሞኛል። አምስት ደቂቃ ስጠኝ በይውና ቦርዱ ላይ እነዚህን ጻፊ፦ ሲመጣ፣ ስለመጣ፣ እስኪመጣ፣ ከመጣ፣ ቢመጣም። ጽፈሽ ዝም በይ። አንዱ «ቲቸር፣ አማርኛ ልታስተምሪን ነው?» ይላል፤ ይሳቃል። ልዩነታቸው ምንድን ነው ስትያቸው መጀመሪያ «ያው መምጣት ነው» ይሉሻል። ያኔ ማርከሩን ለአንዷ ስጪና ልዩነት የሚያመጣውን ቁራጭ ታስምርበት። ሲ። ስለ። እስኪ። ከ። የመጨረሻው ላይ ፊትም ኋላም፣ ቢ እና ም። አለቀ፤ ማያያዣው ታየ። እኛ ግሡ አንገት ላይ እናስረዋለን፤ እንግሊዝኛ ይፈታውና ራሱን የቻለ ቃል አድርጎ ከሐረጉ ሁሉ ፊት ያቆመዋል። ሲ ወጥታ ዌን ትሆናለች፣ ስለ ቢኮዝ፣ እስኪ አንቲል።

መንተባተቡ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ልብ ብለሽ አዳምጪ። «እናቴ ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ስለደወለች» ስንል ስለ የምትገባው መጨረሻ ላይ ነው። ማን፣ መቼ፣ ከየት የሚለውን ሁሉ ዘርዝረን ግሡ ጋ ስንደርስ ነው ምክንያት መሆኑን የምናሳውቀው። በእንግሊዝኛ ገና አፍሽን ስትከፍቺ፣ እናትሽን እንኳ ሳትጠሪ፣ ምክንያት ልናገር ነው ብለሽ ማወጅ አለብሽ። ተማሪሽ «ማይ ማዘር ኮልድ...» ብሎ ይጀምርና መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ቢኮዝን ረስቶት አይደለም፤ በለመደበት ቦታ እየጠበቀው ነው። ሲመጣለት ደግሞ ቦታው አልፏል። እንዲህ ሲቆም ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሺለት። «ምክንያት ነው ወይስ ጊዜ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። ምክንያት ካለሽ «እንግዲያው በሱ ጀምር» በይው።

በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አፉን የፈታ ተማሪም አይጠፋሽም። በሁለቱም ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ «በእናንተስ እንዴት ይባላል?» ብለሽ ቦርዱን ልቀቂለት።

አሁን አንድ ነገር ላሳይሽ። እኔ ያገኘሁት ሦስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ማታ ባተረፈልኝ። ሁሉም ተማሪ «ዌን አይ ዊል ከም፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ገና ያልሆነ ነገር ከሆነ ዊል ለምን አይገባም? መጽሐፉ በጊዜ ሐረግ ውስጥ ዊል አይገባም ይላል፤ ተማሪው ይጽፈዋል፤ ነገ ይረሳዋል። አንቺ ግን ቦርዱ ላይ «እመጣለሁ» ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ «ስመጣ እደውላለሁ» በይ። ከዚያ «ስመጣለሁ እደውላለሁ የሚል ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ በረድ ሲል «ለምን አይባልም? ያቺ አለሁ የት ሄደች?» በያቸው። ዝም ይላሉ፤ ሰው የገዛ ቋንቋውን እንዲህ አገላብጦ አያየውማ። እኔ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ። «አንዱ ጋ ካለች ይበቃላ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አማርኛ አለሁን ለዋናው ግሥ ይሰጣል፣ ጥገኛውን ባዶውን ይልከዋል። እንግሊዝኛም ዊልን ለዋናው ሰጥቶ ጥገኛውን ባዶውን ይልከዋል። «እስክመጣለሁ ጠብቀኝ» የሚል ሰው እንደሌለ ሁሉ «አንቲል አይ ዊል ከም» አይባልም። ከእንግዲህ አንዱ ሲሳሳት ማረም ትተሽ «ስመጣለሁ?» በይው፣ ቅንድብሽን ከፍ አድርገሽ። ራሱ ይስቅና ያስተካክለዋል።

ሁሉ ነገር እንዲህ ይገጥማል ብለሽ ግን እንዳትታለዪ። «ከመጣ እነግረዋለሁ» ስንል መጣ መልኩ ያለፈ ነው፤ የምናወራው ስለ ነገ ነው። ስለዚህ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ይመጣልሻል። «ከመጣሁ በኋላ እደውላለሁ» የሚለውም «አፍተር አይ ኬም» ሆኖ ይወጣል። የባሰው ደግሞ እንግሊዝኛ ያንን ያለፈ መልክ ያስቀመጠው ለምኞት መሆኑ ነው። «ሎተሪ ቢደርሰኝ ቤት እገዛ ነበር» ውስጥ ቢደርሰኝ ምንም ያለፈ መልክ የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኢፍ አይ ዎን» ይላል፣ ያለፈ። መስቀለኛ ነው የገባው፤ እኛ ለሚሆነው ያለፈውን እንጠቀማለን፣ እነሱ ለማይሆነው። በአንድ ማታ ሁለቱን ኢፎች ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ ያወቁትንም ታስረሺያቸዋለሽ። የሎተሪውን ኢፍ ለሌላ ወር አቆዪው።

ሳይ የምትባለውንም ተጠንቀቂያት። «ሳይመሽ ልግባ» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ቢፎር ነው፣ የኛው ግን ውስጡ አሉታ አለበት። «ቢፎር ኢት ኢዝ ኖት ዳርክ» ብሎ የሚጽፍልሽ ሰው ታገኛለሽ፣ ያውም ከጎበዞቹ። ካልም እንዲሁ ናት፤ «ካልመጣ» የሚለውን ይዞ «አንለስ ሂ ዳዝንት ከም» ይላል፣ አሉታው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ። እኔ አንለስን መናገር አላስተምርም። የቤት ኪራይ ውል ላይና የመድኃኒት ወረቀት ላይ ሲያገኙት «ኢፍ ኖት» ብለው እንዲያነቡት ብቻ ነው የማስተምረው። ለንግግር ኢፍ ኖት ይበቃቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቦዝ አንቀጻችን ነው። እዚህ ላይ ጊዜሽን አትሰስቺ፤ አንድ ሙሉ ማታ ቢሄድም ይሂድ።

አንዱን ዛሬ ጠዋት ምን አደረግክ በይው። «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ቡና ጠጥቼ ሥራ ገባሁ» ይልሻል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የቆመው ግሥ አንድ፣ ሌላው ሁሉ እሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግረው በእጁ የሚቀረው ኤንድ ብቻ ነው፤ ኤንድ፣ ኤንድ፣ ኤንድ። ወይ ደግሞ በነጥብ ይቆራርጠዋል፤ ተነሳሁ፣ ነጥብ፤ ታጠብኩ፣ ነጥብ። የሕፃን ደብተር ይመስላል። ሰውየው ደግሞ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ በአማርኛ ጨዋታ ሲጀምር ሰው ቡናውን ትቶ የሚያዳምጠው። በእንግሊዝኛ እንደ ሕፃን መሰማቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርቱን የሚተዉትም በዚህ ይመስለኛል።

ቦዝ ግንኙነቱን አይናገርም፤ ለአድማጩ ይተወዋል። «በልቼ ሄድኩ» ቢል መጀመሪያ በላ፣ ቀጥሎ ሄደ ነው። «ታምሜ ቀረሁ» ቢል የቀረው ስለታመመ ነው። «ቆሜ በላሁ» ቢል መቆሙም መብላቱም አንድ ላይ ነው። በልቼ፣ ታምሜ፣ ቆሜ፤ መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ሦስት። እንግሊዝኛ ግን ያፋጥጥሻል። አፍተር ነው? ቢኮዝ ነው? ዋይል ነው? ምረጪና ተናገሪ ይላል።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አንድ ተማሪ የውሎውን ሰንሰለት በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ቦርዱ ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በየመገጣጠሚያው እየጠቆምኩ «በኋላ ነው? በዚህ ምክንያት ነው? ወይስ አብሮ ነው?» እላለሁ። ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ይነሳ። አንድ ጊዜ «ልጄን አድርሼ ዘገየሁ» ያለች ተማሪዬ ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ልጇን ካደረሰች በኋላ መንገድ ላይ ዘገየች አለ፤ ግማሹ ያዘገያት ልጁን ማድረሷ ነው አለ። ሲከራከሩ ሲከራከሩ «ኧረ እኔ ልንገራችሁ! የዘገየሁት እኔ አይደለሁ?» ብላ ብድግ አለችና «ቢኮዝ አይ ቱክ ማይ ሰን ቱ ስኩል፣ አይ ወዝ ሌት» አለች። በማያያዣ የጀመረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ ነው። እኔ አላስጠናኋትም፤ ክርክሩን ለማሸነፍ ስላስፈለጋት አመጣችው።

ቢኮዝን ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎቹ አገር ቤት «በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» ተብለው ነው የመጡት። ይጀመራል። እንዲያውም ለኛ ሰው በእሱ መጀመር ይቀለዋል፣ በአማርኛ «ስለ» ያለበት ሐረግ ከዋናው ግሥ ይቀድማላ። የማይሆነው ዋናውን ሐረግ ሳያመጡ በነጥብ መዝጋት ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው የኛው «ምክንያቱም» ነው። «አልመጣሁም። ምክንያቱም ታምሜ ነበር።» ከአራት ነጥብ በኋላ ምክንያቱም ብሎ መነሳት በአማርኛ ነውር የለውም። ሆም ኬር የምትሠራ ተማሪ ነበረችኝ፤ የምትንከባከባቸው አሮጊት ምን እንደበሉ፣ ካልበሉ ለምን እንዳልበሉ ማታ ማታ መጻፍ አለባት። «ሺ ዲድ ኖት ኢት። ቢኮዝ ሺ ወዝ ስሊፒንግ።» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። ነጥቡን አጥፍቼ የቢኮዝን ትልቅ ፊደል ትንሽ አደረግኩት፤ ሌላ አልነካሁም። «ይኸው ነው?» አለችኝ። ይኸው ነው። ለሥራዋ የሚበቃትን ዓረፍተ ነገር ራሷ ጽፋው ነበር፣ መሃሉን ብቻ ነው የቆረጠችው።

ይሄ ግን ወረቀት ላይ ነው። በዚህ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። ስድሳ የተጠጉ ሰው ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። አንድ ማታ ዘግይተው ገቡ፤ ለጨዋታ ያህል ለምን ዘገዩ ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። «ቢኮዝ ዘ በስ ወዝ ሌት» አሉ። እኔ ጎበዟ፣ ይሄ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደለም ብዬ በሰው ፊት አረምኳቸው። ምንም አላሉም፤ ደብተራቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት ጠፉ። የሚያሳፍረው ደግሞ ትክክሉ እሳቸው ነበሩ። ለምን ተብሎ የተጠየቀ ሰው በቢኮዝ መመለሱ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታውም የሚያደርገው ነው፤ ዋናው ሐረግ ጥያቄው ውስጥ አለላ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ተመለሱ፤ ግን እኔ ስጠይቅ ቶሎ አይመልሱም ነበር። አንድ ሰሚስተር ፈጀብኝ።

ስለዚህ ትልልቆቹን እርስዎ በይ፣ እትዬ በይ፣ ጋሼ በይ፣ ክፍሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብለሽ በስማቸው አትጥሪ። እርማቱን ደግሞ ልጃቸው የሚሆን ሰው እያየ አትስጪ። ወረቀታቸው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፊው። ቀይ እስክሪብቶሽን እቤት ተዪው።

ወደ ማያያዣዎቹ ስንመለስ፣ «ኦልዞ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በት» ጨምረው ይመጣሉ፤ «ምንም እንኳ» ብለን «ግን» ማለት ለምደናል። አንዱን እንዲያስወጡ ንገሪያቸው፣ ቶሎ ይገባቸዋል፤ ብዙ አትቆዪበት።

ነጠላ ሰረዝ ላይ ግን ቆዪ፤ እዚህ ነው ጨዋታው ያለው። ከካርቶን ረጅም ረጅም ቁራጭ ቁረጪ። አንዱ ላይ «ዌን ማይ ሺፍት ኤንድስ» ብለሽ በትልቁ ጻፊ፤ ሌላው ላይ «አይ ኮል ማይ ሲስተር» በይ። ሦስተኛው ላይ አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ፣ ሌላ ምንም። ሁለት ሰው ሐረጎቹን ይዞ ከፊት ይቁም። ነጠላ ሰረዙን በጣም ዝም ለሚለው ተማሪ ስጪው፤ ምንም መናገር የለበትም፣ መቆምና መቀመጥ ብቻ ነው ሥራው። ዌንን የያዘው ፊት ሲቆም ነጠላ ሰረዙ መሃል ይገባል። «ቦታ ተለዋወጡ!» ስትዪ፣ ዌን ወደ ኋላ ሲሄድ ነጠላ ሰረዙ ሥራ ያጣል፤ ይቀመጣል። ሁለት ሦስቴ ከዞሩ በኋላ ክፍሉ አንቺን አይጠብቅም፤ «ተቀመጥ! ተነስ!» እያለ ይጮህበታል። የእኔን ክፍል ዝምተኛ ሰው እየሳቀ ያየሁት ይህን በተጫወትንበት ማታ ነው።

ያቺ ጨዋታ ሌላም ታስተምራለች። ሲቀያየሩ ትርጉሙ እንዳልተነካ ያያሉ። ያኔ በአማርኛ ሞክሩት በያቸው፦ «እህቴ ጋ እደውላለሁ፣ ሥራ ስጨርስ»። ይባላል፤ ግን ረስቶ የጨመረው ይመስላል። እንግሊዝኛ በዚህ ለጋስ ነው፣ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ድምፁንም እግረ መንገድሽን አስይዣቸው፤ «ስመጣ...» ስንል ድምፃችን ይንጠለጠላል፣ አልጨረስኩም ይላል፤ «ዌን አይ ከም...» ሲሉም እዚያው ላይ እንዲያንጠለጥሉት። ብዙዎቹ ዝቅ አድርገው ይዘጉትና ሰሚው ጨረሱ ብሎ አፋቸውን ይነጥቃቸዋል።

የምታነቡትን ነገር ከመጽሐፍ አታምጪ። ሬስቶራንት ከሚሠሩት አንዱን መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምን ተጽፏል በይው። «ኢምፕሎዪስ መስት ዋሽ ሃንድስ ቢፎር ሪተርኒንግ ቱ ወርክ»፤ በቃሉ ነው የሚልሽ፣ በቀን አምስቴ ያየዋላ። «ቢፎር ካለ በኋላ የሚመለሰው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አልተጻፈም። ሠራተኛው ራሱ ስለሆነ ተዘልሏል። «ቢፎር ዜይ ሪተርን» ብለው ሲፈቱት፣ አንዱ ደግሞ «ከመመለሳቸው በፊት» ሲል፣ ያ ሪተርኒንግ የኛው መመለስ መሆኑ ይገለጥላቸዋል። ለዜግነት የሚያጠኑ ካሉሽ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈተና 100 ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዞችን ለምን ተዋጉ ይላል። ከሚቀበሏቸው መልሶች አንደኛው «ቢኮዝ ኦቭ ሃይ ታክስስ» ነው፣ ሌላው «ቢኮዝ ዘ ብሪቲሽ አርሚ ስቴይድ ኢን ዜር ሃውዝስ»። አንዱ ላይ ኦቭ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። ግብር ስም ነው፤ ሠራዊቱ ቤታቸው ገባ ግን ግሥ አለው። እኛም እኮ «በግብር ምክንያት» እና «ስለገቡ» ብለን እንለያለን። አሁን 128 ጥያቄ ያለው አዲሱ ፈተና መጥቷል፤ እኔ ግን ለዚህች ትምህርት አሮጌዋን ጥያቄ አልተዋትም።

ቅጽ መሙላት ላይ ብዙ አትድከሚ። ዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሕግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መንግሥት ቤት ሲሄዱ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። አስተርጓሚ የማይደርሰው ሌላ ቦታ ነው። የወጥ ቤቱ አለቃ ለምን ጨው በዛ ሲል፣ የልጁ አስተማሪ ኮሪደር ላይ ስታስቆም፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ውሃ ሲያፈስ። ዌንና ቢኮዝ የሚያስፈልጉት እዚያ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ አሥር ዓረፍተ ነገር ከማዘዝ፣ በሳምንት አንድ የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ ይላኩልሽ። በሥራ ቦታ የተናገሩት ወይም ልናገር ብለው ያልወጣላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በማያያዣ። ከባቡር ውስጥ፣ ከፓርኪንግ ዳስ፣ አንዳንዴ ከነሽንኩርት ጥብሱ ድምፅ ይመጣልሻል። ተማሪን እንደዚያ አድርጎ የሚያሳውቅሽ ነገር የለም።

ሠንጠረዡን አጥፊው አላልኩም፤ ለራስሽ አስቀሪው። ለማክሰኞ ሦስት ብቻ ያዢ፦ ዌን፣ ቢኮዝ፣ ቢፎር። አንቲል ካጋጠመ ያጋጥም፣ አንቺ ግን አትጥሪው። ካርቶኖቹ መኪናዬ ኋላ ኪስ ውስጥ፣ በእንጀራ ላስቲክ ተጠቅልለው አሉ፤ ስትወጪ ውሰጃቸው። ነጠላ ሰረዙ የለም፤ ባለፈው የያዘው ሰውዬ ኪሱ ከትቶት ሄዷል። አዲስ ቁረጪ፣ ተለቅ ይበል፤ ከኋላ የሚቀመጡት መነጽራቸውን ሁልጊዜ እቤት እየረሱ ነው የሚመጡት።